ፊርማው የፈርገስ ነው

ፈርገስ ዳቦ ሊገዛ ወርዷል። ኪርስቲ አልጋው ላይ እንደተጋደመች ስልኳን ከፈተች። ያን ጠዋት ባትከፍተው ኖሮ ቢያንስ ቁርሷን በሰላም ትበላ ነበር።

መልእክቱ ከአክስቷ ከፔጊ ነው። ፔጊ ነገር ማለስለስ አታውቅም። «አባትሽ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ሳያየኝ ነው ፎቶ ያነሳሁት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው» ትላለች። ከሥሩ የአንድ ደብዳቤ ፎቶ አለ።

«ለአቶ ላክላን ማክፊ። በሥራ ዘመንዎ ሲኖሩበት የቆዩት የባሕር ዳር ቤት ለእንግዶች ማረፊያነት ስለተፈለገ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ለቀው እንዲያስረክቡ እናስታውቃለን። ለሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግሎትዎ ያለን ምስጋና ከፍ ያለ ነው።»

ከታች ፊርማ አለ። ኪርስቲ ስሙን ማንበብ አላስፈለጋትም። ያንን ጅራቱን ወደ ታች የሚጎትት የእጅ ጽሕፈት ታውቀዋለች። እሷ በደሴቶቹ መካከል የሚመላለስ መርከብ ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ ትሆናለች። ስልክ በማይሠራበት ባሕር ላይ ስትሆን ፈርገስ በየወደቡ ደብዳቤ ያስቀምጥላት ነበር። አርባ ያህል ደብዳቤ አላት፤ ከአርባዎቹም ግርጌ ይኸው ጅራት አለ። ብዙዎቹን ስማቸዋለች።

ቀኑን አየችው። ከስምንት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ኮፐንሃገን ከገቡ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ማለትም ፈርሞ፣ አሽጎ፣ ሻንጣውን አዘጋጅቶ፣ እጇን ይዞ አውሮፕላን ላይ ወጥቷል።

ፈርገስ ኪንሎክ የርስት ወራሽ ነው። ኤርናስ የምትባለው የስኮትላንድ ደሴት ከነኮረብታዋ፣ ከነወደቧ፣ ወደቡ ዳር ከተደረደሩት ሰባት ቤቶች ጋር ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ የእነሱ ናት። የኪርስቲ አባት ደግሞ የእነሱ ጀልባ ነጂ ነበሩ። የኪንሎክ ቤተሰብ በየበጋው ከኤድንበራ ሲመጣ ሻንጣውን ከወደብ እስከ ትልቁ ቤት የሚሸከሙት እሳቸው ነበሩ፤ ዳሌያቸው የተሰበረውም የጌቶቹን ጀልባ ከማዕበል ሲጎትቱ ነው። ልጁ አድጎ ሕግ ተማረ፣ ልጅቱ አድጋ መርከብ ላይ ተቀጠረች። ከሁለት ዓመት በፊት አውሎ ነፋስ መርከቡን ግማሽ ቀን ወደብ ላይ ሲያስቆመው ሁለቱ ወሬ ጀመሩ፤ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ወሬያቸው አላለቀም ነበር። ባለፈው ክረምት የፈርገስ አባት ሞቱ። ርስቱ በእናቱ በወይዘሮ ሮዛመንድ እጅ ገባ፣ ወረቀት ፈራሚው ግን ፈርገስ ሆነ።

ኪርስቲ አላለቀሰችም። ተነስታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። አንድ ነገር ወሰነች፦ አልናገርም። ራሱ ይንገረኝ። አውሮፕላኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እስከዚያ ጊዜ አለው። ይኼን ያህል ጊዜ ተሰጥቶት ካልተናገረ፣ ያን ጊዜ ሰውየውን አላውቀውም ነበር ማለት ነው።

በሩ ተከፈተ። ፈርገስ ጉንጩ በብርድ ቀልቶ፣ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ታቅፎ ገባ። ከጣፋጩም ገዝቻለሁ አላት። አልራበኝም አለችው። ከአሁኑ እያጣጠፍሽ ነው እንዴ ቢላት፣ ከቤቱ የምንወጣው አራት ሰዓት ነው፣ ሰው ከቤት ውጣ ሲባል በሰዓቱ መውጣት አለበት አለችው።

የተከራዩት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወርዱ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ አንዲት ፀጉረ ነጭ ሴት ደጃፋቸውን ይጠርጋሉ። ፈርገስ በትህትና እንደምን አደሩ አላቸው። ሴትየዋ ቀና ሳይሉ፣ በዚህ ደረጃ ድሮ ጎረቤት ነበር የሚወጣው የሚወርደው፣ አሁን ሻንጣ ብቻ ነው አሉት። ፈርገስ ይቅርታ እማማ ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

ኪርስቲ ግን ቆመች። «እውነታቸውን ነው» አለች፣ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል። «ሰው አስወጥቶ ሻንጣ ማስገባት ጥሩ ሥራ ሆኗል መሰለኝ።»

ፈርገስ ቀላ። አየችው። ከአንገቱ ተነስቶ እስከ ጆሮው ሲቀላ አየችው። አንድ ቃል እስኪናገር ጠበቀች። እሱ ግን ሻንጣው ከብዶሻል ወይ ብሎ የእሷን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«የራሴን እችላለሁ» አለችው። አራት ፎቅ ቢሆንም ልትሸከመው ትችል ነበር፤ በዚያች ሰዓት ንዴቷ ከእሷ ይበልጥ ጉልበተኛ ነበር።

*

ሻንጣቸውን ባቡር ጣቢያ አስቀመጡ። ትኬቶቹን ገና በአገራቸው ሳሉ የያዘቻቸው ኪርስቲ ነበረች፤ የጀልባ ሽርሽር፣ ምሳ፣ ከዚያ ጠመዝማዛ ደረጃ ያለው የቤተ ክርስቲያን ማማ። ሁለቱም ይቅሩ አላሉም። እሷ ላየው የመጣሁትን አይቼ ነው የምሄደው ብላ ወስናለች። እሱ ደግሞ ምን እንደሆነች ስላልገባው፣ እንደ ጥፋተኛ ውሻ ከኋላዋ መከተሉን መረጠ።

ጀልባው ጠፍጣፋና ጣሪያ የሌለው ነው። የግንቦት ፀሐይ ታበራለች፣ ነፋሱ ግን አጥንት ይገባል። በቦዩ ግራና ቀኝ ቀይና ቢጫ ቤቶች ቆመዋል፤ አስጎብኚዋ በሦስት ቋንቋ ታወራለች፤ በድልድዩ ሥር ሲያልፉ ሁሉም አንገቱን ይሰብራል። ከፊታቸው የተቀመጡ አረጋውያን ባልና ሚስት አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተዋል። ኪርስቲ እነሱን ማየት አልፈለገችም።

ፈርገስ ፎቶ ላንሳሽ አለ። አታንሳኝ አለችው። ፀጉርሽ በነፋሱ ያምራል ቢላት፣ ለትላንቱ ፎቶም እንደዚሁ ብለኸኝ ነበር አለችው። ትላንት መሳቋን አስታወሰች። ከትላንት ወዲያም ስቃለች። በሣቀች ቁጥር ፎቶ አንስቷታል። ያን ሁሉ ጊዜ ደብዳቤው አባቷ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ባሕሩ ሰፋ ሲል ንጉሣውያኑ የሚኖሩበት ቤተ መንግሥት ታየ። ኪርስቲ ጣቷን ቀሰረች።

«እዚያ ቤት ዕድሜ ልኩን ያገለገለ ሰው ሲያረጅ የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«አላውቅም» አለ ፈርገስ።

«ገምት እንጂ። የቤት ነገር ከአንተ ወዲያ ማን ያውቃል?»

ፈርገስ ወደ እሷ ጠጋ አለ። በዝቅተኛ ድምፅ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቃት። ምን ልሁን፣ ሽርሽር ላይ ነኝ አለችው። ያኔ ፈርገስ ምክንያቱን ያገኘ መሰለው። ትላንት ስለ ሠርጋቸው ለእናቱ መቼ እንደሚነግራቸው ጠይቃው፣ ወሬውን ወደ አየሩ አዙሮባት ነበር። ስለዚህ ያን አነሳ። ትላንት ጥያቄሽን ስላሳለፍኩት ይቅርታ፣ እማዬን ጊዜ ጠብቄ አናግራታለሁ፣ ከአባዬ ሞት ወዲህ እሷን ማናገር ከባድ ሆኗል አላት። ረጅም ይቅርታ ነበር። በጥሩ ቃላት የተሞላ ነበር። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልነበረበትም።

ኪርስቲ እስኪጨርስ ሰማችው። ልብ የሚሰብረው ደግሞ ከልቡ መናገሩ ነበር። በማይፈለገው ነገር ከልቡ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው፣ በሚፈለገው ዝም ሲል አይታ ጠላችው፤ እንደዚያ ያለ ጥላቻ ልቧ ውስጥ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

ጀልባው ድንጋይ ላይ ከተቀመጠችው የዓሣ ጅራት ያላት ልጃገረድ ሐውልት ኋላ ቆመ። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ትንሽ ናት አለ ፈርገስ፣ ዝምታው ሲከብደው። «ሁሉም ሰው በአንተ ዓይን ትንሽ ነው» አለችው።

*

ምሳ የበሉት ከቦዩ ዳር ባለች ጠባብ ምግብ ቤት ነው። ጥቁር ዳቦ ላይ የተነጠፈ የኮመጠጠ ዓሣ፣ ሽንኩርት፣ ቢራ። ኪርስቲ በልታ ያደገችው ዓሣ ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ጨርቅ አኘከችው።

ፈርገስ ሹካውን አስቀመጠ። አንድ ጊዜ መስኮቱን፣ አንድ ጊዜ እጁን አየ።

«ኪርስቲ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ።»

ኪርስቲ ማኘኳን አቆመች። ተናገር፣ አለች በሆዷ። ተናገርና ልሳደብ፣ ላልቅስ፣ ከዚያ እንታረቅ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። ፈርገስ አየው፤ ፊቱ ተለወጠ። እማዬ ናት ብሎ ተነስቶ ወጣ።

ኪርስቲ በመስታወቱ አሻግራ አየችው። እናቱ ባሕር ማዶ ናቸው፣ እሱ ግን ከፊታቸው እንደቆመ ሁሉ ጀርባውን አቅንቷል። የጃኬቱን ቁልፍ ዘጋ። ራሱን ነቀነቀ፣ ደግሞ ነቀነቀ። አንድ ጊዜ ሊከራከር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከመስታወቱ ማዶ ግን አሥር ዓመት አይሞላውም።

ተመልሶ ሲቀመጥ ምን አለችህ ብላ ጠየቀችው።

«አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ነው። ኤርፖርት ድረስ መጥታ ልትቀበለን... ልትቀበለኝ ነው።»

«ልትቀበለን» ብሎ ጀምሮ «ልትቀበለኝ» ብሎ ጨረሰው። ኪርስቲ ከሁለቱ ቃላት መካከል የወደቀችውን ራሷን አየች።

«ልትነግረኝ የነበረው ምንድን ነው?»

ፈርገስ ረጅም ጊዜ አያት። ዓይኑ ውስጥ ልመና የመሰለ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ፍርሃት ብላ አነበበችው። «ቤት ስንገባ» አላት። «ቤት ስንገባ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

ቤት የሚለውን ቃል ከአፉ ስትሰማው ሹካዋን አስቀመጠች። ቢራዋን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

*

ማማው አራት መቶ ደረጃ አለው። የመጨረሻው መቶ ሃምሳ ከሕንፃው ውጭ ነው፤ በጫፉ ዙሪያ እየተጠማዘዘ፣ እየጠበበ፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ፈርገስ ከፍታ ይፈራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ መርከብ ላይ እንኳ ወደ ላይኛው ወለል አይወጣም። ገና ትኬቱ ሲገዛ፣ እኔ ታች ሆኜ እጄን አውለበልብልሻለሁ ብሏት ስቀውበት ነበር። አሁንም እሱ በሩ አጠገብ ቀረ፣ እሷ ብቻዋን ወጣች።

በእንጨት መሰላሎቹ፣ በደወሎቹ አጠገብ አልፋ ወደ ውጭው ደረጃ ስትወጣ ነፋሱ በጥፊ መታት። አልቆመችም። ደረጃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ከተማው በሙሉ ከሥሯ ነው፤ ቀይ ጣሪያው፣ ቦዩ፣ በባሕሩ ውስጥ የቆሙት፣ በነፋስ ኃይል መብራት የሚያመነጩት ማማዎች። ለማልቀስ የሚሆን ቦታ ነበር። ለዚያ ነበር የወጣችው።

አላለቀሰችም፤ ከታች አንድ ራስ ብቅ አለ። ፈርገስ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሁለት እጁ አጥሩን አንቋል፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለቱንም እግሩን እያገናኘ ይወጣል።

«ማን ና አለህ?» አለችው።

«አውቀሻል» አለ እያለከለከ። «ከጠዋት ጀምሮ አውቀሻል አይደል?»

ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ወደ ፊቱ ያዘችለት። ማንበብ አላስፈለገውም፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሳታነበው ነው የፈረምከው?» አለችው። ይህን ስትጠይቀው መውጫ በር እየከፈተችለት ነበር። አዎ ቢላት ውሸት መሆኑን እያወቀች ልታምነው ዝግጁ ነበረች።

«አንብቤው ነው» አለ ፈርገስ። «እማዬ አስቀመጠችልኝ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ፈረምኩ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች፤ ስትደርስ አየቻት። ከዚያ መልሶ ዋጣት። መናገር ነበረብኝ ብቻ አላት።

ያኔ ኪርስቲ ከጠዋት ጀምሮ ያመቀችው ሁሉ ገነፈለ። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ነፋሱ ቢኖርም እያንዳንዱ ቃል ደረሰው። እናቴ እዚያ ቤት ውስጥ እንደሞተች ታውቃለህ አለችው። አባቴ ለእናንተ ሲል እንደሚያነክስ ታውቃለህ። የጭሰኛ ልጅ ይዘህ ለሽርሽር መውጣት ደስ ይላል፣ ጭሰኛውን ከማስወጣትህ በፊት። ከዚያም እንዲህ አለችው፦

«ቤቱን ብትፈልግ ነገ ትመልሰዋለህ፤ ወረቀት ነው፣ ይቀደዳል። እነዚህን ሦስት ቀናት ግን በምን ትመልስልኛለህ? ስቄልህ ነበር እኮ፣ ፈርገስ። እያወቅህ አስቀኸኝ፣ ፎቶ አነሳኸኝ።»

ፈርገስ አጥሩን ይበልጥ አነቀ። ዓይኑ ከእሷ ላይ ተንሸራቶ ወደ ታች ወርዷል፤ ከዚያ ወዲያ መውጣትም መውረድም አልቻለም። ከበስተኋላው ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ በጨዋነት ማለፍ እንችላለን ወይ ሲል ጠየቀ። ፈርገስ አልሰማውም።

ኪርስቲ ጥላው ለመውረድ አስባለች። ይህን ኋላ ላይ አልካደችም፤ ለአንድ ቅጽበት አስባዋለች። ከዚያ በማዕበል ጊዜ መርከቡ ወለል ላይ በፍርሃት የሚደርቁ መንገደኞች ትዝ አሏት፤ እጇ ሥራውን ከእሷ ቀድሞ ጀመረ። ሰዎቹን አሳልፋ በእሱና በባዶው መካከል ገባች። አጥሩን ያነቁትን ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ አላቀቀቻቸው። በረዶ ሆነዋል። ቀኝ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ከፊቱ አንድ ደረጃ ወረደች።

«ታች አትይ። ማጅራቴን እይ። እግርህን... አሁን ሌላኛውን።»

መቶ ሃምሳውን ደረጃ እንደዚህ ወረዱ። ከሥራ ቃል በስተቀር ምንም አልተባባሉም። ትንፋሹ ፀጉሯ ውስጥ ይሞቃል፤ የእጁን ክብደት ከሺህ እጅ ለይታ ታውቀዋለች። ሰውነቷ ያን ክብደት መውደዱን አልተወም ነበር። በዚያ ደግሞ በራሷ ተናደደች፤ በእሱ ከተናደደችው ይበልጥ።

የውስጡንም ደረጃ ጨርሰው መሬት ሲረግጡ ፈርገስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አመሰግናለሁ አላት።

«ሰዎቹ ማለፊያ አጥተው ነው» አለችው። ዞራ ሄደች፣ ትከሻዋ ላይ የቀረውን ሙቀት በእጇ እየጠረገች።

*

ኤርፖርት ውስጥ ለየብቻ ተቀመጡ። እሱ መስኮቱ ጋ፣ እሷ ከአምዱ ኋላ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ሲቀረው አባቷ ጋ ደወለች።

አቶ ላክላን ስልክ ላይ የሚጮኹ ሰው ናቸው፤ ባሕሩን በድምፃቸው ማቋረጥ ያለባቸው ይመስላቸዋል። ደብዳቤውን አይቼዋለሁ ስትላቸው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከዚያ ያልጠበቀችውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ልጁ ነገረሽ? ቃሉን አጠፈ?»

«የቱ ልጅ?»

«ፈርገስ ነዋ።»

ቀስ እያሉ ነገሯት። ደብዳቤውን ፖስታ አላመጣውም፤ ፈርገስ ራሱ ነው በዝናብ ይዞት የመጣው። ግባ ቢሉት አልገባም፣ ደጃፉ ላይ እየራሰ ቆሞ እጃቸው ላይ ሰጣቸው። ፈራሚው እኔ ነኝ፣ ለኪርስቲም ዛሬውኑ እነግራታለሁ አላቸው። እሳቸው ናቸው የከለከሉት።

«እናትሽ ከሞተች ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራሽና ከዚች ደሴት በቀር ምን አየሽ?» አሏት። «አራት ቀን ትሳቅ፣ ስትመለሱ ንገራት አልኩት። አይሆንም አለኝ። ከእሷ ምንም መደበቅ አልችልም አለኝ። በአባቱ ስም አስማልኩት። እኔ ነኝ ያስማልኩት፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኪርስቲ አምዱን ተደገፈች። «አባዬ፣ የፈረመው ግን እሱ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ለሱም ነግሬዋለሁ። አባትህ ቢኖር ኖሮ እጁ ይታዘዝለት ነበር ወይ አልኩት። አለቀሰ።»

ስልኩን ዘጋች። ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ በዓይኗ ፊት አለፈ። ደረጃው ላይ የቀላው ፊት፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ የተዋጠው ቃል፣ ማማው ላይ ምላሱ ጫፍ ደርሳ የተመለሰችው ነገር። አባትሽ አስምለውኝ ነው ቢላት ንዴቷ ግማሹ በዚያው ይበርድ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ያችን ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ቀኑን ሙሉ ተሰድቦ ዋለ።

ሄዳ ከፊቱ ቆመች።

«አባዬ ነገረኝ።»

ፈርገስ ቀና አለ። የደስታ ምልክት ፊቱ ላይ ብታይ ኖሮ እንደገና ትጠላው ነበር። አላየችም።

«ከአባትሽ ጋር እንድትጣዪ አልፈለግሁም» አለ። «ደግሞም የሰደብሽኝ በከንቱ አልነበረም። መሐላው አፌን ነው የዘጋው። እጄን ማንም አልያዘውም።»

ቀኑን ሙሉ ንዴቷን እንደ ድንጋይ ጨብጣ ዞራለች። አሁን ግማሹ ከእጇ ወደቀ፣ ግማሹ ቀረ፤ የቀረው ከሁለቱ የሚከብደው ሆነ። ለዝምታው ይቅር ብዬሃለሁ አለችው። ለፊርማው አላልኩም። ከጎኑ ተቀመጠች፣ በመካከላቸው ቦርሳዋን አስቀምጣ። መሳፈሪያው እስኪጠራ ድረስ ሁለቱም ያችን ቦርሳ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

*

ኤድንበራ ሲደርሱ ዝናብ ነበር። ከኤርፖርቱ በር ፊት ለፊት አንዲት ጥቁር መኪና ቆማለች። መስኮቷ ዝቅ አለ፣ ወይዘሮ ሮዛመንድ ብቅ አሉ፤ ግራጫ ፀጉራቸው ወደ ኋላ ተይዟል፣ ጓንታቸውን አላወለቁም።

«ኪርስቲ» አሉ፣ ደስ በሚል ድምፅ። «ሽርሽሩ ጥሩ ነበር? የት ድረስ እንደምትሄጂ ባውቅ ኖሮ እናደርስሽ ነበር።»

የት እንደምትሄድ ያውቃሉ። ያቺው ሊነጥቋት ያሰቡት ቤት ናት። ኪርስቲም በዚያው ትህትና መለሰች፦

«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ሮዛመንድ። የግላስጎው አውቶቡስ እዚሁ ነው የሚቆመው። ለአባቴ ያመሰገኑትን ምስጋና አነበብኩት፤ ከፍ ያለ ነው።»

የሴትየዋ ፈገግታ አልጠፋም፣ ዓይናቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞረ። ኪርስቲ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አውቶቡሱ አመራች። ጥቂት እንደሄደች የጎማ ድምፅ ሰማች፤ ፈርገስ ሻንጣውን እየጎተተ በዝናብ ይከተላታል። አብሬሽ እሄዳለሁ አላት። ዛሬውኑ አባትሽ ጋ እደርሳለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።

ኪርስቲ ዞረች። ልቧ እሺ ለማለት ሮጦ ነበር፤ ያዘችው።

«እሷን ፈርተህ ፈረምክ» አለችው። «አሁን ደግሞ እኔን ፈርተህ አትከተለኝ። አባቴ እግሩ ላይ የሚወድቅለት ሰው አያስፈልገውም። ተመለስና ለእናትህ የምትለው ካለህ ለእሷ በላት። የምትለው ከሌለህም መኪናው ውስጥ ግባ። ሁለቱንም እችለዋለሁ። መካከል ላይ መቆምህን ግን አልችልም።»

ፈርገስ ዝናቡ ከፀጉሩ እየወረደ አያት። ሊስማት የፈለገ መሰላት። አልሳማትም። ሻንጣውን አዙሮ ተመለሰ።

እሷ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አልመለከትም ብላ ነበር፤ ተመለከተች። ፈርገስ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። ጀርባው እንደ ቀትሩ የቀና አይደለም፤ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ በእጁ እያመለከተ ያወራል። ምን እንደሚል አይሰማም። ወይዘሮ ሮዛመንድ መጀመሪያ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። አንድ ነገር ተናገሩ፣ አጭር ነገር። ፈርገስ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። መስኮቱ ወደ ላይ ተዘጋ፤ መኪናዋ ሳትቸኩል መንገድ ገባች፣ ያለ እሱ።

ፈርገስ እግረኛ መንገዱ ላይ ቀረ። ወደ አውቶቡሱ አልሮጠም፤ ወደዚያ ዞሮ እንኳ አላየም። ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

ኪርስቲ ብድግ አለች። ሹፌሩ በሩን እየዘጋ ነበር፤ ክፈትልኝ ለማለት አንድ ቃል ይበቃት ነበር። መልሳ ተቀመጠች። ንዴቷ ገና አልለቀቃትም፤ በዚህ ቀን እንዲለቃትም አልፈለገችም። ግን አውቶቡሱ ሲነሳ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ ከጠዋት ጀምሮ እንቢ ያላትን እንባ ለቀቀችው። ከሩቅ እያነሰ በሚሄደው በዚያ የረጠበ ሰው ላይ ስትበሽቅ ውላለች፤ አሁን ደግሞ ነገ ጠዋት ብቻውን ሲነቃ ልቡ እንዳይከዳው ፈራችለት።